ጮክ በል፣ ፈረሱ አልሰማህም

ሰው ተበቅሎ ደስ አይለውም የሚል ካለ፣ ተበቅሎ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ተበቅያለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ደስታው ስንት ቀን እንደቆየልኝ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ፈረሱ ላውራ፤ ከሰውየው ከጀመርኩ «ይህች ልጅ ክፉ ናት» ብላችሁ ገና ከደጃፉ ትመለሱብኛላችሁ።

ትርንጎ እባላለሁ። ያኔ ዐሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከደባርቅ ወጣ ብሎ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ ሁለት በቅሎና አንድ ፈረስ አለው። በቅሎዎቹ የእንግዳ ጓዝ ተሸክመው ተራራው ላይ እስካለው ጨነቅ ይወጣሉ፤ ፈረሱ ደግሞ ዳገቱ ያደከመውን ፈረንጅ ይጭናል። ዳማ ፈረስ ነው፤ ግንባሩ ላይ ብቻ የአውራ ጣት አሻራ የምታክል ነጭ ነጥብ አለችው፤ ቦራ ያሰኘችውም እሷ ናት። የዋህ ነበር። ሕፃን በሆዱ ሥር ሲሽሎኮሎክ ልጁ እስኪያልፍ ጭራውን እንኳ ሳያወዛውዝ የሚጠብቅ ፈረስ ነበር።

እኔና ቦራ አንድ ምስጢር ነበረን። ውኃ ልቀዳ ስወርድ አስከትለዋለሁ። ባዶውን ጀሪካን በጣቴ ኳ ኳ ሳደርግ፣ የትም ቢሆን ጆሮውን አቁሞ ይመጣል፤ ኳ ኳ ማለት ወንዝ ማለት እንደሆነ ያውቃል። መታጠፊያውን አልፈን ከሰው ዓይን ስንሰወር ደግሞ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ያለ ኮርቻ እፈናጠጠዋለሁ። በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ በቅሎ ላይ ስትታይ ሙሽራ ናት ይባላል፤ ፈረስ ላይ ስትታይ ግን ምን እንደምትባል ገና ስም አልወጣላትም። የሚያየኝ የለም ብዬ ነበር። ለካ አንድ ሰው አይቶኛል።

ሰውየው ደሳለው ይባላል። ጎረቤታችን ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። በጥምቀት የፈረስ ጉግስ እሱን የሚቀድመው የለም። አንድ እንግዳ ትቶለት የሄደ ሰፊ ባርኔጣ አለው፤ ባርኔጣዋ የምትወርደው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲሳለም ብቻ ነው። ሲተኛም አያወልቃትም ብለው ይቀልዱበታል። እኔ «አያ ደሳለው» እለው ነበር፤ ለታላቅ የሚሰጥ ክብር ነው። ይህችን «አያ» ያዙልኝ፤ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ባለፈው ዓመት ጥምቀት ሊደርስ ሲል ደሳለው ቦራን እንዲያውሰው አባቴን ለመነው። ታቦት ለሚያጅብ ፈረስ መስጠት ክብር ነውና አባቴ እሺ አለ። በበዓሉ ቀን እኔም ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ሳይ፣ ቦራ በቀይና በቢጫ ክር አጊጦ መጣ። ደሳለው ዛቡን ሳብ ሲያደርገው በሁለት እግሩ ቆመ። ደግሞ ሳብ፤ ደግሞ ቆመ። ቦራ እንዲህ ያለ ነገር ከየት አመጣው? ወንዶቹ ፎከሩ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ያ እልልታ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ውስጥ እንደ ገብስ ገለባ ተሰንቅሮ አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሳለው ፈረሱን መልሶ አመጣው። የቦራ የአፍ አረፋ ቀልቶ ነበር።

«ምን ሆነብኝ?» አለ አባቴ ደንግጦ።

«ምላሱን ነክሶ ነው፣ አያ ሞላ። ፈረስዎ ተበላሽቷል» አለ ደሳለው። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። «በእሱም አልፈርድ። ይች ልጅዎ ውኃ ስትወርድ ትፈናጠጠዋለች። በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ። ሴት የተፈናጠጠችው ፈረስ ታቦት ፊት ሲቀርብ እንዲህ ያደርገዋል።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

«መፈናጠጡ እውነት ነው፤ ግን…» አልኩ።

ከ«ግን» በኋላ ያለውን ማን ይስማኝ? ውሸቱ የእኔን እውነት ተፈናጥጦ ግቢያችን ገባ።

በማግሥቱ ጠዋት የቦራን አፍ ከፍቼ አየሁ። ምላሱ ላይ ሁለት ቁስሎች ነበሩ፤ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስል ቀጥ ያሉ። ሮጬ ወደ አባቴ ሄድኩ።

«አባዬ፣ ጥርስ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም። አፉ ውስጥ የገባ ነገር አለ።»

«አሁንም ስለ ፈረስ ታወሪያለሽ? በቃሽ! ሁለተኛ አጠገቡ እንዳላይሽ!»

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ይህን ያለው ሰው የዚያን ሳምንት እኛ ግቢ አልነበረም። አባቴ ልጓሙን ይዞ ሲጠጋው ቦራ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ዞረና በኋላ እግሩ ወረወረው። ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰበረ። ወጌሻው መጥቶ ጎኑን በጨርቅ ጠፍንጎ አሰረውና ለአንድ ወር እንዳይነሣ አለው። ከዚያ ወዲያ ውኃ መቅጃው ላይ ወሬው ሌላ ሆነ፤ «የሞላ ልጅ ፈረስ አሳበደች፤ ያበደው ፈረስ ደግሞ አባቷን ሰበረ።» ትምህርት ቤትማ ተዉት። ክፍል ስገባ ልጆቹ ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉና «ባላምባራስ ትርንጎ! ፈረስዎ እንዴት አደረ?» ይሉኛል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመለስኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አያ» የሚለውን ቃል ከደሳለው ስም ላይ አነሣሁ። መንገድ ላይ ሳገኘው «ደሳለው፣ እንዴት ዋልህ?» እለዋለሁ። ይገባው ነበር። ጥርሱን ነክሶ ያልፋል።

አባቴ ቁርጡን ተናገረ። ቦራ በሦስተኛው ሳምንት ገበያ ይወጣል። የሚገዛው ከጠፋ ከሜዳው ማዶ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ይለቀቃል። መለቀቅ ማለት ለጅብ መስጠት ማለት ነው፤ ግን ማንም ጅብ የሚለውን ስም አይጠራም። «ይለቀቅ» ይላሉ፣ ነፃ እንደሚያወጡት ሁሉ።

እንግዲህ እኔ ማን እንደሆንኩ ላስተዋውቃችሁ። የአማርኛ መምህራችን በየቀኑ አንድ ነገር ተመልክታችሁ ዐሥር መስመር ጻፉ ብለውን ነበር። ሌሎቹ ስለ ድመታቸውና ስለ ደመና ጻፉ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የቦራን ግቢ በከበበው የድንጋይ ካብ ላይ እቀመጥና ስለ ንዴቱ እጽፋለሁ። አጠገቡ አትድረሺ ተባልኩ እንጂ አትዪው አልተባልኩም። ጆሮው ወደ ኋላ ሲለጠፍ፣ የዓይኑ ነጭ ሲታይ፣ ጭራው ዝንብ ሳይኖር ሲወናጨፍ፣ አንድ የኋላ እግሩ ሲቀልለው፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ከማድረጉ በፊት ማወቅ ጀመርኩ። ከኋላው መምጣት ሞት ነው። ከፊቱ ቀጥ ብሎ መጋፈጥም ሌላ ሞት ነው። ከትከሻው ጎን፣ በዝግታ፣ ዓይን ዓይኑን ሳያዩት የሚመጣን ይታገሣል። በቀጭን ድምፅ ይደነግጣል፤ በወፍራም ድምፅ ይረጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መውጫ ሲያጣ ነው የሚከፋው፤ መንገድ ካለው መሄድን ይመርጣል። በሁለተኛው ሳምንት ያለ ልጓም አጠገቡ ቆሜ አንገቱን እዳስስ ነበር። አባቴ አላወቀም። ዐሥሩ መስመር ሃያ፣ ሃያው ገጽ ሙሉ ሆነ። መምህሩ ከሥሩ «ይህ ፈረስ ከደብተሩ ሊወጣ ነው» ብለው ጻፉልኝ። ያን ቀን እንዴት እንደተፍነከነክሁ!

ይህ የደብተሬ ፊት ነው። የደብተሬ ጀርባ የደሳለው ነበር። እዚያ በየቀኑ ገድዬዋለሁ። አንድ ቀን ጊች አምባ ላይ ጭጋግ ውስጥ መንገድ አሳስቼዋለሁ። አንድ ቀን ጨነቅ ላይ ከገደሉ ወርውሬው፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ሣር እየነጩ አይተውታል። ባርኔጣዋን ግን ሁልጊዜ አተርፋታለሁ፤ ከአናቱ ላይ በነፋስ አስወስዳትና ዛፍ ላይ አንጠለጥላታለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እውነት ነው፤ የተወጋ እንዲያውም ይጽፋል።

የገበያው ቀን ደረሰ። አባቴ አልጋ ላይ ስለሆነ ቦራን ገበያ የሚወስድለት ሰው አስፈለገ። ማንን ለመነ መሰላችሁ?

ደሳለው ጠዋት መጣ። በአንድ እጁ አለንጋ፣ በሌላው ያን የጥምቀቱን ልጓም ይዟል። የልጓሙ ብረት ሲንሿሿ ቦራ ከግቢው ጥግ ሰማ። እኔ መግቢያው ላይ ቆሜያለሁ። መግቢያው በር የለውም፤ ሁለት አግዳሚ እንጨቶች ናቸው የሚዘጉት።

«ዛሬስ ደኅና ነው?» አለኝ ደሳለው።

ቦራን አየሁት። ጆሮው ተለጥፏል። የዓይኑ ነጭ ወጥቷል። ደብተሬ ውስጥ ያለው ሁሉ ፊቴ ቆሟል። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር።

«ግባና እየው» አልኩት።

በአግዳሚው ሥር ሾልኮ ገባ። አለንጋውን አንድ ጊዜ አየር ላይ አጮኸው፤ ማስፈራራቱ ነው። ቦራ ግን እንደ ድሮው አልሸሸም። እየተንደረደረ መጣ። ደሳለው ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደ ኋላ ሲል ጀርባው ከካቡ ጋር ተላተመ። በቀኙ የጭድ ክምር አለ፤ በግራው የካቡ ማእዘን። ከፊቱ ቦራ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጥርሱን አሳይቶ፣ መሬቱን በፊት እግሩ እየቧጠጠ።

«ኧረ በመድኃኔዓለም! ያዙልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ሰዓቱ ሰው ሁሉ ወደ ገበያ የሚሄድበት ነው። ነጭ ሽንኩርትና ድንች የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን አወረዱ። ወንዶች ካቡ ላይ ወጡ። ከቅዳሴ የሚመለሱት የደብራችን አባት፣ አባ ኪሮስ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። አባቴም ጩኸቱን ሰምቶ ጎኑን እንደያዘ፣ ግድግዳ እየዳበሰ ወጣ።

አንድ ሰውዬ ድንጋይ አነሣ።

«አትወርውር!» አልኩት። «ድንጋይ ከወረወርህ የምትገድለው ደሳለውን ነው!»

«አንች ዞር በይ! ጥፋቱስ የማን ሆነና!» አለኝ።

«ታዲያ አንተ ግባና አውጣዋ!»

ድንጋዩን መሬት ጣለው። ደሳለው ድንገት ወደ ጭዱ ለመሮጥ ሲቃጣ ቦራ እኩል ተወረወረ፤ ጥርሱ የጃኬቱን እጅጌ ይዞ ቀደደው። ሴቶቹ ጮኹ።

«አትሩጥ!» አልኩ። «ዝም በሉ እናንተም! ስትጮኹ ይብስበታል!»

ያን ጊዜ አባቴ በዚያ በተሰበረ ጎኑ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ሁላችሁም ዝም በሉ። እሷ ትናገር» አለ።

ደባርቅ መንገድ ላይ ይህን ያህል ሰው ለእኔ ዝም ብሎ አያውቅም። ድምፄን አወፈርኩ። ቄስ መሰልኩ።

«ደሳለው፣ ስማኝ። አለንጋውን ልቀቀው። አትወርውረው፤ ከእጅህ ይንሸራተት።»

ለቀቀው።

«ልጓሙን ከጀርባህ አድርገውና ቀስ ብለህ ካቡ ላይ አስቀምጠው። እንዳይንሿሿ።»

አስቀመጠው። ብረቱ ድንጋዩን ነክቶ ትንሽ ተንሿሿ፤ ቦራ አናፋ።

«ዓይኑን አትየው። ትከሻውን እይ። ጉልበትህን አላላ። ትንፋሽህን አውጣ፤ ይዘኸዋልኮ።»

ደሳለው ተነፈሰ። ጠበቅን። ከዚያ የቦራ አንድ ጆሮ፣ የቀኙ፣ ተነሥቶ ወደ እኔ ዞረ። ያችን ጆሮ አውቃታለሁ። «እየሰማሁ ነው» ማለቷ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ቀጥሎ መደረግ የነበረበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አግዳሚዎቹን መሳብና ለቦራ መውጫ መስጠት። እጄ አግዳሚው ላይ ነበር። አልሳብኩትም።

«አሁን ንገረው» አልኩ።

«ምኑን?»

«በጥምቀት ያደረግህበትን። ፈረስ የተደረገበትን ካልነገሩት አይለቅም።»

እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቆየኝ። ደሳለው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ጮክ በል፣ ፈረሱ አልሰማህም።»

«ልጓሙን…» አለ። «የልጓሙ ብረት ላይ ሽቦ ጠመጠምኩበት።»

«ለምን?»

«እንዲቆምልኝ። ሰው እንዲያይልኝ። ሳብ ሳደርገው ምላሱን ሲቆርጠው ይቆማል።»

ካቡ ላይ ያሉት ሁሉ እንደ አንድ ሰው አጉረመረሙ። አባ ኪሮስ «እግዚኦ!» አሉ።

«ሽቦውስ የት ገባ?»

«ስመልሰው ፈታሁት። ወንዝ ውስጥ ጣልኩት።»

«እኔስ? እኔ ስለተፈናጠጥኩት ነው ያልከውስ?»

«ውሸት ነው። የአባትሽን ፊት ፈርቼ ነው። አንች ምንም አላደረግሽውም፤ ፈረሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

የሚገርማችሁ ይህ ነው፤ ሲናዘዝ ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ሆነ፤ እንባ የተናነቀው ሰው ድምፅ። የቦራ ግራ ጆሮም ተነሣ። አንገቱን ቀና አደረገ። የፈጠርኩት ውሸት ሠራ! አባቴን አየሁት፤ እጁን አፉ ላይ ጭኖ እኔን እያየ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩት ዓይን ነበር።

በዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሁሉን አግኝቻለሁ፤ ስሜን አግኝቻለሁ፤ ቦራም ከገበያ ድኗል። ግን ባርኔጣዋ አሁንም አናቱ ላይ ነበረች።

«አንድ ነገር ቀረ» አልኩ። «ባርኔጣህን አውልቅና ከፊቱ መሬት ላይ አስቀምጥለት።»

ደብተሬ ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ «ከፊቱ አትጎንበስ፤ ከአፍንጫው ሥር ምንም ነገር አታወዛውዝ።» በሁለት መስመር አሥምሬበታለሁም። ሕዝቡ ፊት ባዶ ራሱን እንዲያጎነብስ ፈለግሁ፤ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት። ረሳሁት ልበል ወይስ ልተወው አላውቅም።

ደሳለው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጎነበሰ። ሰፊው ክፈፍ በቦራ አፍንጫ ሥር ሲያልፍ ቦራ በሁለት እግሩ ቆመ። ልክ እንደ ጥምቀቱ። አንዱ ኮቴ የደሳለውን ትከሻ አገኘው፤ ሌላው ከጆሮው አጠገብ ካቡን መታው፤ የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ድንጋዩን እስካሁን አላነሣነውም።

የዚያን ጊዜ አግዳሚዎቹን ሳብኩ። አንዱ እግሬ ላይ ወደቀ፤ አልተሰማኝም። ጀሪካኑ ካቡ ሥር ነበር፤ አነሣሁትና ገባሁ። ከትከሻው ጎን፣ በዝግታ፣ ዓይኑን ሳላይ። ኳ ኳው ተዘበራረቀብኝ። ኳ። ኳ ኳ። ቦራ ከላይ ወረደ። ደሳለው ከእግሩ ሥር ነበር። ኳ ኳ። ቦራ አንድ እግሩን አነሣና፣ በደሳለው ላይ አሻግሮ አሳረፈው፤ ሕፃን እንደሚያሳልፍ አድርጎ። ከዚያ ተከተለኝ። ሰዉ መንገድ ለቀቀልን። ወንዝ ድረስ ዞር ብዬ አላየሁም። ስንደርስ እሱ ጠጣ፤ እኔ አስመለሰኝ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ እንዳልደብቃችሁ፣ በጣም ጣፈጠኝ። ቦራ አልተሸጠም። አባ ኪሮስ ሕዝቡን ዞረው አዩና፣ «ሴት የተፈናጠጠችው ፈረስ ይበላሻል የሚለውን በየትኛው መጽሐፍ አነበባችሁት? ለእኔም አሳዩኝ እንጂ፣ ሳላየው እንዳልሞት» አሉ። አባቴ ይቅርታ የሚባለውን ቃል አያውቅበትም፤ ግን የቦራን ማሰሪያ ገመድ በሰው ፊት እጄ ላይ አኖረው። ደሳለውን ሰፈሩ ሁሉ «ሽቦ» አለው። «ሽቦ መጣ፣ ሽቦ ሄደ።» ማንም ፈረስ አያውሰውም። ትምህርት ቤት የሚያሾፉብኝ ልጆች «ባላምባራስ» ማለቱን ባይተዉም፣ አሁን ከልባቸው ነው። በስሙ አልከፋሁም፤ ወድጄዋለሁ።

ደስታዬ ዘጠኝ ቀን ቆየ። በዐሥረኛው ቀን ደሳለው ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ከእናቱ ጋር መጣ። እናቱ አንድ ቅል ማር ይዘው ነበር። ባርኔጣዋ የለችም።

«አንች ባትኖሪ ሞቼ ነበር» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «የበደልኩሽ ሳያንስ ነፍሴን አተረፍሽልኝ።»

እናቱ ግንባሬን ሳሙኝ፤ ጉንጫቸው እርጥብ ነበር። «ልጄን ሰጠሽኝ፤ አንችንም ክፉ አይንካሽ» አሉ።

እኔስ ምን አልኩ? «ምንም አይደል» አልኩ። ማሩንም በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። እሱ ፈረስ ሲያቆስል ውሸቱን እኔ ላይ ጫነ፤ እኔ እሱን ሳሰብር ምስጋናውን ተቀበልኩ። ማን ይብሳል? እሱ ውሸቱን በሕዝብ ፊት ተናዘዘ፤ ያናዘዝኩት እኔ ነኝ። የእኔን ግን ማንም አላወቀም፤ ቦራ በመጨረሻ ሳይረግጠው ስላለፈ ሕዝቡ ባርኔጣዋም መድኃኒት ነበረች ብሎ ነው ያመነው። እንዲያውም አሁን ፈረስ ሲቆጣ ባርኔጣ የሚያወልቁ አሉ! ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተቆጣ ፈረስ ፊት አትጎንበሱ፤ ምንም አታወዛውዙ፤ መውጫውን ክፈቱለትና ከመንገዱ ዞር በሉ። ያን ቀን የተረዳሁት ሌላው ነገር ደግሞ፣ ሰውም መውጫ እንደሚፈልግ ነው። እኔ ለደሳለው አንድም አልተውኩለትም። በቀሌን ግን አልጸጸትበትም፤ የቦራ ግራ ጆሮ እስከተነሣችበት ድረስ ያለውን። ባርኔጣዋን ብቻ ነው ዕዳዬ የማደርጋት።

እናም ይህን ጻፍኩ። አምስት ጊዜ ሰርዤ ጻፍኩት፤ ስጽፍ ደግሞ እያለቀስኩ ደስ ይለኝ ነበር። ለሌላ ሰው ከማሳየቴ በፊት ትናንት ከሰዓት ለደሳለው አነበብኩለት፤ የቦራ ግቢ ካብ ላይ ተቀምጠን። የደብተሩ ጀርባ ላይ ከጨነቅ ገደል ስወረውረው ሳቀ። ባርኔጣዋ ላይ ስደርስ መሳቁን ተወ።

«ባርኔጣዋ ውሸት ነበረች?» አለኝ።

«ውሸት ነበረች።»

«መናገሩስ?»

«እሱም ውሸት ነበር። ግን ሠራ፣ አያ ደሳለው።»

«አያ»ዋን ሰማት። ትከሻውን በእጁ ደባበሰ። ከዚያ ከካቡ ወርዶ በአግዳሚው ሥር ሾለከና ገባ። ቦራ ጭድ እያኘከ ቀና ብሎ አየው፤ አንድ ጆሮውን ብቻ ወደ ኋላ አደረገ። ደሳለው ከትከሻው ጎን፣ በዝግታ፣ ዓይኑን ሳያይ አለፈው። ማን እንዳስተማረው ታውቃላችሁ። የተሰነጠቀው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ቆመና ጠራኝ።

«ነይ፤ እዚህ ቁሚ።»

ገብቼ ጀርባዬን ለካቡ ሰጠሁ። እሱ ወደ ቤታችን ዞሮ «አያ ሞላ! ኑ እስቲ አንድ ጊዜ!» ብሎ ተጣራ። አባቴ ወጣ። በአጥሩ በኩል ደግሞ የደሳለው እናት ምን ሆናችሁ ብለው ብቅ አሉ። ከመንገዱም ሁለት ሦስት ሰው ቆመ። ጉልበቴን አላላሁ። ትንፋሼን አወጣሁ። የቦራን ትከሻ እያየሁ ስለ ባርኔጣዋ መናገር ጀመርኩ።

ደሳለው ጭዱን ተደግፎ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣

«ጮክ በይ» አለኝ፤ «ፈረሱ አልሰማሽም።»